የማይተኛው ላማ

አርሊስ የኮርቻውን የሆድ ቀበቶ በቢላ ቆረጠችው። መቆለፊያውን ለመፍታት ሞክራ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ኮርቻው ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ ሁለቱ የሥጋ ከረጢቶች ድንጋዩ ላይ ወደቁ።

ላማው፣ ትንሽ ግመል የሚመስለው ባለሱፍ የጭነት እንስሳ፣ አልተነቃነቀም። አፉ ተከፍቶ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሏል። አራቱም እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን ቆሟል።

«ውሃ!» አለች። «ሆዱ ላይ፣ ኦሪን። ጀርባው ላይ አታፍስ፣ ሱፉ አያሳልፈውም። ከሥር! ከሥር!»

ኦሪን ፓልመር ከወንዙ በባርኔጣው ውሃ ቀድቶ እያነከሰ መጣ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ቀኝ ጉልበቱ በደንብ የማይታጠፍለት ሰው ነው። እንደምንም ጎንበስ ብሎ ውሃውን ረጨው። ግማሹ ላማው ሆድ ላይ አረፈ፤ ግማሹ የራሱ ጫማ ውስጥ ገባ።

«ድገም!»

ደገመ። እንደገና ሞልቶ ሲመለስ ላማው የፊት ጉልበቶቹን አጠፈ፤ ቀጥሎ የኋላዎቹን። ሸክም ከወረደለት በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እግሮቹን ከሥሩ ሰብስቦ ተኛ። አርሊስ ጆሮዋን ጎኑ ላይ ለጠፈች። ልቡ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ረጅሙ አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ጎን አዘመመና መሬት ነካ። የምትሰማው ነገር ካበቃ በኋላም ጆሮዋን አላነሣችም።

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ታላቅ ወንድሟ ቬርን ሁለት በቅሎዎች ይዞ ቆሟል። በቅሎዎቹ የላማ ሽታ ስለማይወዱ ከዚያ አላልፍ ብለውታል።

«አለቀ?» ብሎ ጮኸ።

አርሊስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችለት።

ስሙ ዲያቆን ነበር። ገላው ጥቁር፣ አንገቱ ላይ እንደ ፈረንጅ ካህናት ኮሌታ ነጭ ቀለበት ያለው ስለሆነ እንደዚያ አለችው። ሸክም ጀርባው ላይ እያለ አንድም ቀን ተኝቶ አያውቅም።

የኦሪን መልእክት የደረሳት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር። ከእሷ ላማ የሚከራዩ አዳኞች በሳተላይት መልእክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ይዘው ነው ተራራ የሚወጡት። የመጀመሪያው መልእክት «ኤልኩን ጣልኩት! ወይፈን ያክላል!» የሚል ነበር፤ ኤልክ የዚያ ተራራ ትልቁ አጋዘን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ቡናማው ላማ ቢስኪት ተኛብን። እንዳልሽው ጭነቱን አውርጄ ለዲያቆን ጨመርኩለት። እሱ እንደቆመ ነው። እንዴት ያለ ጀግና ነው ያለሽ!»

«ከዲያቆን ላይ አውርድለት፣ አሁኑኑ» ብላ መለሰች። ኦሪን ግን ባትሪ ለመቆጠብ መሣሪያውን ዘግቶት ነበር። ደጋግማ ላከች። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ቬርን ቤት ነዳች፤ ዳገት ላይ ሰው ተቀምጦበት የሚፈጥን በቅሎ ብቻ ነውና።

«ለአንድ ከረጢት ሥጋ ነው ከቁርሴ የምታስነሺኝ?» አላት ቬርን። እንቁላሉን ገና አልነካውም ነበር።

«ሙቀቱን እያየኸው ነው። ሥጋው ይበላሻል።»

ሙቀቱ እውነት ነው። መስከረም ገብቶም አየሩ አልቀዘቀዘም። የገደሉትን ሥጋ እንዲበላሽ መተው ደግሞ እዚህ አገር ወንጀል ነው፤ ኦሪንም የተጣደፈው ለዚያ ነበር። ቬርን ሌላ አልጠየቀም። እሷም ስለ ዲያቆን አላነሣችለትም።

ሬሳው መንገድ ዳር ሊቀር አይችልም። ድብ ያገኘዋል፤ ቀጥሎ የሚያልፈው አዳኝ ደግሞ ድቡን ያገኘዋል። ቬርን የአንዷን በቅሎ ዓይን በጃኬቱ ሸፍኖ እየጎተተ አመጣት።

«ነይ እስቲ እመቤቴ» አላት። «አንዴ ብቻ። ሞቷል፤ አይተፋብሽም።»

ላማ ሲቆጣ ይተፋል፤ ቀልዱ ግን ማንንም አላሳቀም።

በቅሎዋ ሬሳውን ጎትታ ዛፎቹ ውስጥ ስታስገባው ኦሪን ውሃ የሚያንጠባጥብ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«ሙቀቱ ነው፣ ኦሪን።»

«ሙቀቱን አላየሁም እንዴ? ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር እኮ! ግን ዞር ባልኩ ቁጥር ቆሟል። ሁለተኛው መሻገሪያ ላይ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ‹አርሊስ ሲበዛበት ይተኛል ብላለች፤ ካልተኛ ደህና ነው› አልኩ። አንቺ በደንብ ነግረሽኛል። እኔ ነኝ ማሰብ የነበረብኝ።»

አርሊስ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ቀበቶ አነሣች። ከኋላቸው ቢስኪት፣ ሸክሙን አስጥሎ የተኛው ቡናማ ወጣት ላማ፣ ሣር እየጋጠ ነበር። ምንም አልሆነም።

«ሥጋውን በቅሎዎቹ ላይ እንጫን» አለች።

ቁልቁል ሲወርዱ ኦሪን የቀሩትን ሦስት ላማዎች እየሳበ ቀደመ። ወንድምና እህት በቅሎዎቹን እየሳቡ በእግራቸው ተከተሉ። ቬርን፣ ኦሪን የማይሰማበት ርቀት ላይ እስኪደርስ ጠበቀ።

«ስንት ኪሎ ነበር የተጫነው?»

«ሃምሳ ይሆናል።»

«ስንት ነው የምትፈቅጂው?»

«ሠላሳ።»

«የኔ በቅሎ ብትሆን መጀመሪያው ዳገት ላይ ሸክሙን ከነኮርቻው ወንዝ ትጨምረው ነበር። ኦሪንንም መርቃ።»

«አውቃለሁ።»

«ያ ቡናማው ለምን ተኛ?»

«አዲስ ነው። ገና አልፈተንኩትም። አንዱ እግሩን አሞት በእሱ ምትክ ነው የላክሁት።»

«ብትፈትኚው ኖሮስ?»

«ቬርን፣ ተወኝ።»

«እየጠየቅሁሽ ነው። እኔ የላማ ነገር አላውቅም። ስትነግሪኝ የኖርሽው ግን ላማ ሲበዛበት ይተኛል ብለሽ ነው። ደግሞ የተኛውን ሁሉ ለበግ አርቢዎች ትሸጫለሽ። ታዲያ አንቺ ጋ የሚቀረው የትኛው ነው?»

አርሊስ የበቅሎዋን ገመድ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መኪናሽ በር ላይ የጻፍሽው ምንድነው?» አለ ቬርን።

«ታውቀዋለህ።»

«ካንቺ ልስማው።»

የፒክአፑ በር ላይ በነጭ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «የቶሜይ ላማዎች፦ መንገድ ላይ አይተኙም» የሚል ተጽፏል።

አርሊስ ቶሜይ ያደገችው በበቅሎ መካከል ነው። አባቷ በዋዮሚንግ ዊንድ ሪቨር ተራሮች አዳኞችን ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነበር። ሲሞት በቅሎዎቹን ለሁለት ልጆቹ አካፈለ። ቬርን ድርሻውን አበዛ። አርሊስ ግን በሠላሳ አንድ ዓመቷ በረዶ ላይ የተንሸራተተች በቅሎ ወደቀችባትና ትከሻዋ ተሰበረ። አጥንቱ ሲገጥም ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። የበቅሎ ጀርባ ላይ ሸክም ማንሣት ለማይችል ሰው ደግሞ በቅሎ ምንም አይሠራለትም።

አይዳሆ ሄዳ ኤልሞ ግሪብ ከሚባል ሽማግሌ ጋር የተገናኘችው ያኔ ነው። ሽማግሌው የጭነት ላማ ያረባል። የላማ ጀርባ ከወገብ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው፤ ክንዷ ይደርሳል። እህል መሸከም አያስፈልግም፤ ያገኘውን ሣርና ቅጠል ይበላል። እግሩ ለስላሳ መዳፍ ስላለው ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል ነው። ሽማግሌው ግጦሹ ውስጥ እያዞረ አሳያት።

«ፊቱን አትይ» አላት። «ፊታቸው ሁሉም ያምራል፤ ሞኝ ነው በፊት የሚገዛ። እግሩ ቀጥ ያለ ነው? ጀርባውስ? ከዚያ ጫኚውና ዳገት አውጪው። መንገድ ላይ ከተኛብሽ ለሌላ ሰው ነው፤ አንቺ አትግዢው።»

አመሻሽ ላይ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያወሩ፣ ብዙ እንዳትጭን እንዴት እንደምታውቅ ጠየቀችው።

«እሱ አያሳስብሽ። በቅሎ አይደለም። ሲበዛበት ይተኛል። ሲተኛ ታወርጂለታለሽ፤ ለቆመው ትጨምሪለታለሽ።»

ሁለቱንም የነገራት ያው ሰው ነው፣ በአንድ ከሰዓት። ሁለቱንም አመነች። እንደዚያ የሚያምነው እሷ ብቻም አልነበረችም፤ በላማ የሚጭን ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ አራት ይዛ ስትመጣ የሸለቆው ሰው ሳቀባት። የመኖ መደብሩ ባለቤት ክሊተስ ቦይድ ባያት ቁጥር ቀልድ አያልቅበትም ነበር። «አርሊስ፣ ያ ነገር ግመል ነው ወይስ ከግመል የኮበለለች በግ?» ይላታል። «ሸክሙን እንዲይዝልሽ ነው ወይስ ሹራብ ልትሠሪበት?» ቀስ በቀስ ግን ሰዎቹ አረጁ። የሁሉም ጉልበት እንደ ኦሪን ሆነ። በቅሎ ላይ መውጣት ያቃተው፣ ፈረስ የሚፈራ፣ ብቻውን ማደን የሚፈልግ ሁሉ ወደ እሷ መጣ። በየጸደዩ ወጣቶቹን አሸክማ ዳገት ታወጣለች። የተኛውን ለበግ አርቢዎች ትሸጣለች፤ እዚያ ቀበሮ እያባረረ ይኖራል። የቆመውን ታስቀራለች። ሥራዋን የምትወድ፣ እንስሳ የማትመታ፣ ኮርቻ የላጠውን ቆዳ በራሷ እጅ ቅባት የምትቀባ ሴት ነች። ስሟ በዚህ ይታወቃል።

ኦሪን በነሐሴ ነበር የመጣው። ለዚያ ተራራ የኤልክ አደን ፈቃድ ለማግኘት ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ወጣለት።

«በቅሎ ላይ መውጣት አልችልም» አላት። «ከበቅሎ መውደቅ ግን ችሎታ አለኝ።»

በረቱ ውስጥ ላማዎቹን አንድ በአንድ አየ። አንድ ነጭ ላማ ላይ ዓይኑን ጣለ። አርሊስ ናት ዲያቆንን ከኋላ ጎትታ ያመጣችለት።

«ይሄን መሪ አድርገው» አለችው። «ጀማሪን ሰው አያሳፍርም።»

ይህን ስትል ባለፈው ጥቅምት ያየችውን ታውቃለች። ያኔ ከነብራስካ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ዲያቆንን ከልክ በላይ ጭነው ነበር ያወረዱት። በመኪናዋ ተጎታች ውስጥ እንደቆመ መጣ። ቤት ደርሶ ኮርቻው ሲወርድለት ተኛ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል። እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን አልተነሣም፤ የሰጠችውንም አልበላም። የእንስሳት ሐኪም አልጠራችም። ሲነሣ አንገቱን አቀፈችው፤ ከዚያ መኖ መደብር ሄዳ ለክሊተስ እየሳቀች ነገረችው። ስለ ጥንካሬው ነበር የነገረችው። ለራሷም ያለችው እንደዚያው ነው። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ቅር ብሏት ነበር፤ የበረዶውን ወራት ሁሉ አላነሣችውም።

ከዲያቆን ሞት በኋላ በነበረው ቅዳሜ አንድ ባልና ሚስት ከኮሎራዶ መጡ። ቀድመው የተመዘገቡ ናቸው። አርሊስ እንደወትሮዋ በረቱ ውስጥ ኮርቻ አጫጫን አሳየቻቸው፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ከረጢቶቹን በእጅ ሚዛን አስመዘነቻቸው። ሴትየዋ ጠያቂ ነበረች።

«ሲደክማቸው በምን እናውቃለን?»

«ይተኛ...» አለች አርሊስ። አፏ የለመደውን ነው የጀመረው። ቃሉን መሃል ላይ አቋረጠችው።

«ከሃያ ኪሎ በላይ አትጫኑ» አለች። «በየሰዓቱ አሳርፏቸው። ቢቆሙም አሳርፏቸው።»

«ድረ ገጽዎት ላይ ሠላሳ ይላል እኮ» አለ ባልየው።

«ድረ ገጹ ተሳስቷል።»

«እንግዲያው ላማዎቹ አይበቁንማ።»

«አንድ እጨምርላችኋለሁ።»

«ለምንድነው የተቀየረው?» አለች ሴትየዋ።

አሁን መናገር ይቻል ነበር። ሁለት እንግዳ ሰዎች፣ ዳግም የማታያቸው። «ሙቀቱ» አለች አርሊስ። ሁለቱም ወደ ሰማይ አዩ። ደመና ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ስልኳን ከፈተች። ኦሪን ሦስት የድምፅ መልእክት ትቷል። የመጀመሪያውን ሰምታዋለች፤ ይቅርታ ነበር። ሁለተኛውንም ሰማችው፤ ይህም ይቅርታ ነበር፣ ረዘም ያለ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ደክሟል። «አርሊስ፣ ኦሪን ነኝ። ስለ ሁለተኛው መሻገሪያ እያሰብኩ ነበር። እዚያ ላይ ባወርድለት ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ይተርፍ ነበር። ሳትመልስለት ስልኩን ኪሷ ከተተች። ቢስኪት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ እያያት ነበር። ፊቷን አዞረችበት። ያን ሰሞን መኖ የምትሰጠው ከሁሉም በኋላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም።

በመስከረም መጨረሻ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የአደን ራት አለ። የእሳት መኪናዎቹን ውጭ አቁመው ጠረጴዛ ይደረድራሉ። የገደለ ሁሉ ከገደለው ሠርቶ ያመጣል። ሥጋ ያመጣ ሰው ግን ከተራራው እንዴት እንዳወረደው ቆሞ ሳይናገር ማንኪያ አይነካም፤ ልማዱ ነው። አብዛኛው ሰው ይዋሻል፤ የተሰበሰቡትም ውሸቱን ለመስማት ነው የሚመጡት። ቬርን በቅሎው እንዴት እንደረገጠችው ተናገረና ቁጭ አለ። ስለ ዲያቆን ትንፍሽ አላለም።

«ኦሪን ፓልመር!» አለ ክሊተስ፤ ራቱን የሚመራው እሱ ነው። «እጅህን ከድስቱ አንሣ! ተነሥተህ ተናገር። ባለፈው ጊዜ ያመጣኸው ከሱፐርማርኬት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።»

አዳራሹ ሳቀ። ኦሪን ተነሣ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጁ ጆሊን ክንዱን ያዝ አደረገችው። ድስቱ ውስጥ የኤልክ ሥጋ በባቄላ ተሠርቷል።

«ቀልድ አላዘጋጀሁም» አለ። «ይሄን ሥጋ ያወረደልኝ የአርሊስ ላማ ነው፤ ገደልኩት። ከሚችለው በላይ ጫንኩበት። አርሊስ በደንብ አስተምራኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። ላማ የምትከራዩ ካላችሁ እንደኔ ጅል አትሁኑ። ሌላ የምለው የለኝም። እንስሳው አንድ ቀን እንኳን...»

ሰዎች ወደ አርሊስ ዞር ዞር አሉ። የክሊተስ ሚስት ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ደባበሰቻት፤ ያንኑ የተሰበረውን ትከሻ። «አይዞሽ የኔ እህት» አለቻት። ትልቅ ቁራሽ የፖም ኬክም ፊቷ አስቀመጠችላት።

አርሊስ ኬኩን አየችው። ከዚያ ገፋችው።

«ኦሪን፣ ቁጭ በል» አለች።

«ልጨርስ፣ አርሊስ።»

«ያልከው ልክ አይደለም። ያደረግኸው እኔ ያልኩህን ነው። ሲተኛ አውርድለት፣ ለቆመው ጨምርለት ነው ያልኩህ። ዲያቆን ግን አይተኛም። ቢደክመውም፣ ቢሞትም አይተኛም። አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሰጠሁህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ክሊተስ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ካለፈው ጥቅምት።»

«ያ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ የዋለ ጊዜ? እኔ ሱቅ ቆመሽ እኮ እየሳቅሽ ነው የነገርሽን! ‹እንደሱ ያለ አሥር ቢኖረኝ› ብለሽ።»

«ብያለሁ።»

«የኛዎቹስ?» አለ ከወደ በሩ በኩል አንድ አዳኝ። «እኔና አማቼ በሚቀጥለው ሳምንት የምንወስዳቸው?»

«ሁሉም አይተኙም» አለች አርሊስ። «እንደዚያ ነው የመረጥኳቸው። ስለዚህ ሲበቃቸው አይነግሯችሁም። ሌላ ምልክት እንዴት እንደሚያዝ ገና አላወቅሁትም። የከፈላችሁትን እመልሳለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ስንት ሞተ?» አለ ሌላ።

«መንገድ ላይ የሞተ እሱ ብቻ ነው። ቶሎ ያረጁ ግን አሉ። ዕድሜያቸው ነው እል ነበር።»

ቬርን ሳህኑን እያየ ያኝካል። ኦሪን አልተቀመጠም። መልኩ ቀልቷል።

«መቼ ነው ልትነግሪኝ የነበረው?»

«እዚያው ላይ። መንገዱ ላይ።»

«እና?»

«አልነገርኩህም።»

«ደውዬልሻለሁ እኮ። ሦስት ጊዜ።»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ሰምተሽዋል!» ወደ ልጁ ዞረ። «ሰምታዋለች፣ ጆሊን!» እንደገና ወደ አርሊስ። «እኔ እንቅልፍ የለኝም። ጠመንጃዬን ማየት አልቻልኩም። እንስሳው ያንቺ ነው፣ በእሱ ልቆጣሽ አልችልም። እኔ ላይ የተውሽው ግን...» ጣቱን ቀሰረባት። «ጥፋቱን እኔ ላይ ተውሽው፣ አርሊስ። ቆመሽ እያየሽ።»

«አዎ» አለች።

«ይቅርታ እንኳን እኔ ነኝ ስጠይቅ የነበርኩት!»

«ይቅርታ፣ ኦሪን።»

ኦሪን ድስቱን በሁለት እጁ አነሣ፤ ሊወስደው ነበር። ከዚያ ለሰው የመጣ ምግብ መሆኑን አስታውሶ መልሶ አስቀመጠው። ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ጆሊን ኮቱን ይዛ ተከተለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አርሊስን አየቻት።

ክሊተስ የቀጣዩን ሰው ስም ጠራ። ሰውየው ተነሣና ወንዝ ውስጥ ስለወደቀ አጋዘን ማውራት ጀመረ፤ ማንም እያዳመጠው አልነበረም።

«ልውሰድሽ?» አላት ቬርን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እቆያለሁ» አለች። «የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል።»

ጠየቋት። አንዳንዱ በቁጣ፣ አንዳንዱ ከጀርባዋ ለሌላ ሰው የሚናገር መስሎ። ጠረጴዛው እስኪነሣ ድረስ መለሰች። የኦሪንን ድስት ያጠበችው እሷ ነች፤ ጆሊን በማግስቱ ከአዳራሹ ወሰደችው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ኦሪን ዕጣ በማይጠየቅበት ሌላ ተራራ እንደገና አንድ ኤልክ ገደለ። ላማ አልተከራየም፤ ሥጋውን ጆሊንና ባሏ በጀርባቸው ተሸክመው አወረዱት።